ስምንት ከአስር ያገኘችው ከተማ

ሐሙስ፣ ስድስተኛ ሳምንት

ይህን ደብተር የሰጠችኝ እትዬ ናት። "የምትነጫነጪውን እዚህ ላይ ነጭንጪ፣ እኔ ልብሴን ልስፋበት" ብላ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችልኝ። ታላቅ እህቴ ናት፤ ልብስ ሰፊ ናት፤ ቤቱም የእሷ ነው። እኔ በአርባ አንድ ዓመቴ ሻንጣዬን ይዤ የተመለስኩባት ነኝ። ስለዚህ ቃሏን አክብሬ እነጫነጫለሁ።

የሙከራ ጊዜዬ አስራ አራት ሳምንት ነው፤ ስድስተኛው ነገ ያልቃል። አስራ አራተኛው ሳይሞላ ርዕሰ መምህሩ ወይ "ቆዪ" ይሉኛል፣ ወይ "በይ እንግዲህ ደህና ሁኚ"። አስራ ስምንት ዓመት ያስተማርኩበት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ክፍሌ የሶፋ መጋዘን ሆኗል። ባለፈው ሳምንት በዚያ ሳልፍ ጥቁር ሰሌዳዬ ላይ ፍራሽ ተደግፎ አየሁ። ይሄ ሥራ ካመለጠኝ እትዬ አጠገብ ተቀምጬ የሱሪ ጫፍ እያጠፍኩ መኖሬ ነው።

አዲሱን ትምህርት ቤት ሰፈሩ "የጨዋታ ትምህርት ቤት" ይለዋል። እውነቱን ነው። ደወል የለም፣ ፈተና የለም፣ ማርክ የለም። የሁለተኛ ክፍል ልጆቼ ሃያ አራት ናቸው፤ ሁሉም "አንቺ" ይሉኛል። ርዕሰ መምህሩ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ሁሉን ነገር "ለምን?" ብለው ስለሚጠይቁ መምህራኑ ከጀርባቸው "ጋሽ ለምን" ይሏቸዋል። ሽንት ቤት ልሂድ የሚልን ልጅ እንኳን "ለምን?" ሳይሉት አይቀሩም።

ጠዋት ጠዋት ምንጣፍ ላይ ክብ ሠርተን እንቀመጣለን። አንዲት ጥቁር ለስላሳ ድንጋይ ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች። ድንጋይዋን የያዘ ሰው ያሻውን ይናገራል። ዞራ እስክታበቃ ማንም አይመልስለትም፣ ማንም አይቆጣውም። መናገር ያልፈለገ "ትለፈኝ" ብሎ ያቀብላል። በየቀኑ የምታልፈን ሁለታችንን ብቻ ነው፦ እኔንና አንዲት ዝምተኛ ልጅን። ዝምተኛዋማ "ትለፈኝ"ም አትልም። አፏን ከፍታ ሰምቻት አላውቅም።

አሁን ወደ ዋናው ንጭንጭ። የክፍሌን ግማሽ የካርቶን ከተማ ይዞታል። አርባ ሦስት ቤት፣ ከእንቁላል መያዣ የተሠራ ሆስፒታል፣ የሰዓት ግንብ፣ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ወንዝ። ሕዝቡ የጠርሙስ ቆርኪ ነው፤ እያንዳንዱ ልጅ ዓይንና አፍ የሣለበት የራሱ ቆርኪ አለው። ጠረጴዛዬ ጋ ለመድረስ ከንቲባውን ማስፈቀድ አለብኝ። ከንቲባው ሰባት ዓመቱ ነው፣ የፊት ጥርስ የለውም።

"ቲቸር፣ የአንቺ ቆርኪ ገና ነው" አለኝ ዛሬ።

"እኔ ቆርኪ አያስፈልገኝም።"

"እሺ፣ ግን ገና ነው" ብሎኝ ሄደ።

ዛሬ የመጨረሻውን ድልድይ አቁመው አጨበጨቡ። ሠርተው ጨረሱ፣ እሰይ! ሰኞ ወላጆች ሊጎበኙን ይመጣሉ።

ዓርብ፣ ስድስተኛ ሳምንት

ወገቤ ተቆርጧል፣ ወለሉ ግን ያበራል። ሥራ ሲያልቅ ይታረማል፣ ማርክ ይሰጠዋል፣ ከቦታው ይነሳል። እኔ የማውቀው እንዲህ ነው። ጋሽ ለምን እንዳያዩብኝ በግል ደብተሬ "የካርቶን ከተማ 8/10" ብዬ መዘገብኩ። ልጆቹ ከሄዱ በኋላ እማማ ቁልፍን ጠራኋቸው። የጽዳት ሠራተኛችን ናቸው፤ የሁሉም ክፍል ቁልፍ ወገባቸው ላይ ስለሚንቃጨል ልጆቹ ናቸው ስሙን ያወጡላቸው። ሁለታችን አስራ አንድ አስራ አንድ ጊዜ ተመላልሰን ከተማዋን ጓሮ ካለው የቆሻሻ ገንዳ ከተትናት። ወንዙ ገና አልደረቀም ነበር፣ እጄንም ጫማዬንም አቆሸሸኝ።

"ልጆቹን ጠይቀሻል?" አሉኝ ገንዳው ጋ።

"ጨርሰዋል እኮ፣ እማማ።"

የቆሻሻ መኪናው ነገ ጠዋት ይወስደዋል። ሰኞ ወላጆች ሰው የሚቀመጥበት ክፍል ያያሉ።

ሰኞ፣ ሰባተኛ ሳምንት

ጉዴ ፈላ።

ሰኞ፣ ማታ

እራቴን መብላት አልቻልኩም። በሥርዓቱ ልጻፈው።

ለካ "ጨረስን" ያሉት ሊኖሩባት ነው! ስድስት ሳምንት የለፉት ዛሬን ለመጀመር ነው። ዛሬ ቆርኪዎቹ ቤታቸው የሚገቡበት ቀን ነበር። የክፍሉ ጎበዝ ባለመነጽሯ ለቆርኪዋ ከክብሪት ሣጥን አልጋ ሠርታ፣ ከናቷ ሻርፕ ቆርጣ ብርድ ልብስ አልብሳ፣ በሁለት እጇ ይዛ መጣች። ከበሩ ገባ ብላ ቆመች። የሚያበራውን ወለሌን አየችው። ከኋላዋ የገባው ከንቲባ "ከተማችንስ?" አለ። ከዚያ አገሩ በለቅሶ ተቀወጠ።

በዚህ መሃል ጋሽ ለምን አምስት ወላጆች አስከትለው ገቡ።

"ምንድን ነው?" አሉ።

"ከተማችን ጠፋች!"

ሁሉም ዞረው እኔን አዩ። እግዜር ምስክሬ ነው፣ ልናገር ነበር አፌን የከፈትኩት። የወጣው ግን ሌላ ነው። "እኔም አሁን ገብቼ ነው ያየሁት" አልኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ! ምላሴን ቆርጬ በጣልኩት።

ጋሽ ለምን ጢማቸውን አሻሹ። ፊታቸው በራ። "ከተማ ዝም ብሎ አይጠፋም" አሉ ለልጆቹ። "የት ሄደ? ማን ወሰደው? ለምን? እስቲ መርምሩዋ!" ልጆቹ እንባቸውን በእጅጌያቸው ጠርገው እርሳስ ፍለጋ ተሯሯጡ።

ነገ እነግራቸዋለሁ።

ማክሰኞ

አልነገርኳቸውም። ወላጆች ነበሩ።

ረቡዕ

ወላጆች አልነበሩም። አልነገርኳቸውም።

ዓርብ፣ ሰባተኛ ሳምንት

ክፍሌ ፖሊስ ጣቢያ ሆኗል። ግድግዳው ላይ "የምናውቀው"፣ "የማናውቀው"፣ "የምንጠረጥረው" የሚሉ ሦስት ትልልቅ ወረቀቶች ተለጥፈዋል። ዘበኛውን ጋሼን ሃያ ደቂቃ ሙሉ መረመሯቸው። ጋሼ ወጥተው "ልጆች መስለውኝ ነበር" ብለው ላባቸውን ጠረጉ።

የሚገርመው ሌላ ነው። ከንቲባው ከትምህርት መጀመሪያ ጀምሮ ከአንድ መስመር በላይ ጽፎ አያውቅም። ለምኜ፣ አስፈራርቼ፣ ከረሜላም ሰጥቼ አላውቅም ማለት አልችልም፤ እምቢ ብሎኝ ነበር። ዛሬ የጋሼን ቃል ሁለት ገጽ ተኩል ጻፈ። "እንዳይረሱት ብዬ ነው" አለኝ።

ደስ ብሎኝ ላቅፈው ስል ለምን እንደሚጽፍ ትዝ አለኝ። እጄን መለስኩ።

ሰኞ፣ ስምንተኛ ሳምንት

ዛሬ የደም ግፊቴ ወጣ።

ባለመነጽሯ ሰሌዳው ጋ ቆማ "አርባ ሦስት ቤት ነበር፤ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ሁለት ነው መሸከም የሚችለው" አለች። በወንበር ሞክረው አረጋግጠዋል። ከዚያ አርባ ሦስትን ለሁለት፣ ለሁለት እየከፈሉ በቆርኪ ደረደሩት። "ሃያ ሁለት ጊዜ!" አንደኛው ተነስቶ "ለአንድ ሰው ሃያ ሁለት ብዙ ነው፣ ይደክመዋል። ሁለት ሰዎች ናቸው። አስራ አንድ አስራ አንድ" አለ።

አስራ አንድ! ማካፈል እኮ ገና አላስተማርኳቸውም።

እረፍት ላይ ዝምተኛዋ መጥታ ሥዕል ሰጠችኝ። ሁለት ሴቶች ካርቶን ተሸክመዋል። የአንዷ ወገብ ላይ ቁልፎች አሉ፤ ሌላዋ ፀጉሯን ከላይ ጠቅልላዋለች። ፀጉሩን የሚጠቀልል ሰው መቼም ብዙ ነው። "ጥሩ ሥዕል ነው" ብያት መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት። ድንጋይዋ ጠዋት ስትመጣ ዝምተኛዋ አይን አይኔን ታየኛለች። እኔ "ትለፈኝ" እላለሁ።

ረቡዕ፣ ስምንተኛ ሳምንት

ደረጃው ላይ አረንጓዴ የጫማ ዱካ አገኙ። ግማሽ ሶል። በወረቀት ገልብጠውታል። ነገ የሁሉንም አዋቂ ጫማ ሊያዩ ነው።

ረቡዕ፣ ማታ

ጫማዬን በእትዬ ምላጭ ስፍቅ ያዘችኝ።

"ምን ረግጠሽ ነው?"

"ወንዝ።"

እትዬ መቀሷን አስቀመጠች። ተናገርኩ፣ ሁሉንም። ሳቋን ለቀቀችው! እስክትንፈራፈር ሳቀች። ከዚያ ቀስ ብላ ዓይኗን ጠረገችና "ታዲያ ለምን አትነግሪያቸውም?" አለች።

"ሥራዬስ?"

"ሥራሽ ምን ሆነ?"

"ልጆች ላይ የዋሸች አስተማሪ የሚያስቀራት አለ? ሞኝሽን ፈልጊ!"

"እኔ ልብስ ስሰፋ ከተሳሳትኩ እተረትረዋለሁ" አለች። "የምተረትረው ግን ሳይዘገይ ነው። አንዴ ከታጠበና ከተተኮሰ ቀዳዳው አይጠፋም።" መቀሷን አንስታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ስትሰፋ ደግሞ አልፎ አልፎ ብቻዋን ትስቃለች።

ጫማው ጸድቷል። ነገ ሌላ ጫማ ነው የማደርገው።

ዓርብ፣ ዘጠነኛ ሳምንት

በአጭሩ ልጻፍ፤ የጫማው ፍተሻ ምንም አላገኘም። ዛሬ ስብሰባ ነበር። ጋሽ ለምን በስብሰባው ላይ ክፍሌን ለሁሉም መምህራን አመሰገኑ። "በዚህ ዓመት ያየሁት ምርጥ ሥራ" አሉ። "ልጆቹ ይለካሉ፣ ያሰላሉ፣ ይጽፋሉ፣ ይጠራጠራሉ። እንዴት አሰብሽው?" መምህራኑ አጨበጨቡልኝ። መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ!

ማክሰኞ፣ አስረኛ ሳምንት

የሰዓት ግንቡ ተገኘ።

እማማ ቁልፍ የመጥረጊያና የባልዲ ማስቀመጫቸውን ከፍተው ሳለ ከንቲባው አየው። ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው፤ እማማ ሳሙናቸውን ያስቀምጡበታል። ልጆቹ እየጮኹ ሮጠው ግንቡን ክፍል ይዘውት መጡ፣ እማማም እጃቸውን እያደረቁ ከኋላ።

"እማማ፣ ከየት አመጡት?" አለች ባለመነጽሯ፤ እርሳሷ ተዘጋጅቷል።

"አንስቼው ነው" አሉ።

"ከየት?"

"ከወደቀበት።"

"ማን ጣለው?"

እማማ ወደ እኔ አላዩም። እምላለሁ፣ አንዴም አላዩኝም። "ያምራል ብዬ ነው ያነሳሁት ልጆቼ። ከዚህ ሌላ የምለው የለኝም" ብለው ባልዲያቸውን አንስተው ሄዱ። ባለመነጽሯ "የምንጠረጥረው" በሚለው ወረቀት ላይ የእማማን ፎቶ ለጠፈች።

ግንቡን ሲገለብጡት ከሳሙናው ሥር አንዲት ቀይ ቆርኪ ወደቀች። ግንባሯ የተኮሳተረ፣ አፏ ወደ ታች የተጣመመ፣ አናቷ ላይ ደግሞ የጥቁር ክር ኳስ የተለጠፈባት። "ይሄ የማን ነው?" አልኩ። ተያዩና በሳቅ ፈረሱ። ዝምተኛዋ ቆርኪዋን አንስታ ኪሷ ከተተቻት።

ሐሙስ፣ አስራ አንደኛ ሳምንት

የባለመነጽሯ እናት ጠበቃ ናቸው። ልጃቸው የጻፈችውን የምርመራ መዝገብ ቤት አንብበው ለወላጆች ኮሚቴ አቀረቡት። ቃል በቃል የሰማሁት ይኸው፣ ኮሪደር ላይ፦ "ቁልፉ ያለው ማን ጋ ነው? ዕቃው የተገኘው ማን ጋ ነው? አልናገርም የምትለውስ ማን ናት? ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ?"

ኮሚቴው የእማማ ቁልፍ ኮንትራት በዚህ ሩብ ዓመት መጨረሻ እንዳይታደስ ደብዳቤ ጽፏል። ጋሽ ለምን ደብዳቤውን ይዘው ሁለት ቀን ሲያነቡት ዋሉ። በሚቀጥለው ሐሙስ ክፍሌ ገብተው የመጨረሻውን የሙከራ ግምገማዬን ይሠራሉ፤ ዓርብ ደግሞ ለኮሚቴው መልስ ይሰጣሉ።

አስራ አንድ ዓመት ነው እማማ እዚህ የሠሩት። እኔ አስራ አንድ ሳምንት።

ሰኞ፣ አስራ ሁለተኛ ሳምንት

ከትምህርት በኋላ እማማ ጋ ሄድኩ። የታጠበ ጨርቅ ሲያሰጡ አገኘኋቸውና አንዱን ጫፍ ያዝኩላቸው።

"እማማ፣ ለምን አልተናገሩም?"

"ምን ብዬ?"

"እሷ ናት ያዘዘችኝ ብለው።"

ጨርቁን ጎትተው አስተካከሉ። "ልጄ፣ አንቺ አዲስ ነሽ። ስትገቢ ጀምሮ ፊትሽን አያለሁ፤ ፈርተሽ ነው የምትውይው። እንዲህ የፈራ ሰው ላይ ሌላ ሸክም አልጨምርም።"

"እርስዎን እኮ ሊያስወጡዎት ነው!"

"ሰምቻለሁ።"

"ታዲያስ?"

"ታዲያማ አንቺ ታውቂያለሽ" አሉ። ቁጣ የለባቸውም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሌላ ጨርቅ ከባልዲው አወጡና ጫፉን ሰጡኝ፤ ሁሉንም አስጥተን ጨረስን።

ሌላ ሰው ላይ ተንጠልጥዬ ስሜን አጸዳሁ። ይሄ ነው የሠራሁት። ሐሙስ ጋሽ ለምን ፊት ብናገር ሥራዬ አለቀ። ባልናገር የእማማ ሥራ አለቀ። አራት ቀን ሙሉ የማሰላው ሂሳብ ይሄ ነው፣ መልሱም ያው ነው።

ሐሙስ፣ አስራ ሁለተኛ ሳምንት

እፎይ። እፎይ። እፎይ።

ሌላውን ትንሽ ቆይቼ እጽፈዋለሁ። እትዬ ሻይ አፍልታለች፤ ስድስት ሳምንት ሙሉ እንዲህ የጣመኝ ነገር የለም።

ሐሙስ፣ ማታ

ጋሽ ለምን ክብ ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ ጉልበታቸው እያስቸገራቸው፣ ወረቀታቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው። ድንጋይዋ ከእኔ ጀመረች። እስከ ዛሬ ገና ስትነካኝ ነበር የማቀብላት፤ ዛሬ ግን ያዝኳት። ለካ ትከብዳለች።

"ከተማችሁን የጣልኩት እኔ ነኝ" አልኩ።

ጋሽ ለምን ብዕራቸውን አቆሙ። ቀጠልኩ። ጨርሳችኋል ብዬ እንደጣልኩት፣ ሰኞ ዕለት እንደዋሸሁ፣ እማማ ያገዙኝ እኔ አዝዣቸው እንደሆነ፣ "ልጆቹን ጠይቀሻል?" እንዳሉኝና እንዳልሰማኋቸው ተናገርኩ። የሚቀር ነገር እንዳይኖር ብዬ "ማርክም ሰጥቼ ነበር፣ ስምንት ከአስር" አልኩ። ድንጋይዋን ለጎረቤቴ አቀበልኩ።

ደንቡ ደንብ ነው፤ ዞራ እስክታበቃ ማንም አይመልስም፣ ማንም አይቆጣም። ሃያ አራት ልጅ እጅ ውስጥ መዞር ነበረባት፤ እንደዚያ የረዘመ ክብ አይቼ አላውቅም። ከንቲባው ድንጋይዋን አቅፎ "ሆዴን አመመኝ" አለ፣ ሌላ አልጨመረም። አንዷ "እኔ ጅብ ነው ብዬ ነበር" አለች። ባለመነጽሯ መነጽሯን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ "ሁለት ሰዎች! አስራ አንድ አስራ አንድ! ልክ ነበርን!" ስትል ግማሹ ክፍል ደንቡን ረስቶ አጨበጨበ። ቀጥላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "የእማማን ፎቶ አነሳዋለሁ፣ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ" አለች።

ድንጋይዋ ዝምተኛዋ ጋ ደረሰች። ልትሰጠው ነው ብሎ የሚቀጥለው ልጅ መዳፉን ዘረጋ። አልሰጠችውም።

"እኔ አይቻችኋለሁ" አለች።

ድምጿ ጎርናና ነው። እንደዚያ ይሆናል ብዬ አልጠበቅኩም።

"ዓርብ እናቴ ዘግይታ ነበር። መስኮቱ ጋ ነበርኩ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽንም?" አለ ከንቲባው፤ ደንቡ ለእሱም ቀረ።

"ድንጋይዋ በየቀኑ ቲቸር ጋ ትደርስ ነበር" አለች። "ነገ ትናገራለች እያልኩ ነው።"

ማንም ሳይቆጣኝ፣ ማንም ሳይሰድበኝ፣ እዚያው ምንጣፍ ላይ እንባዬ ወረደ። ስድስት ሳምንት ሙሉ በየጠዋቱ ስትጠብቀኝ ነበር፣ እኔ ደግሞ "ምን ታፈጣለች" እያልኩ።

ድንጋይዋ ዞራ አበቃች። አሁን መቆጣት ይቻላል። አንገቴን ደፍቼ ጠበቅኩ።

"ስምንት?!" ብሎ ጮኸ ከንቲባው። "ስምንት ከአስር?!"

"ሁለቱስ የት ሄደ?"

"ድልድዩን አላየሽውም እንዴ?"

"ሆስፒታሉ እኮ አልጋ ነበረው!"

ቁጣቸው ሁሉ ማርኩ ላይ! ከተማዋን መጣሌን ተሻግረውት ሄደዋል፤ ሁለቱ ነጥብ ግን አንጀታቸውን አሳረረው። ለምን እንደቆረጥኩ ጠየቁኝ። አሰብኩ፣ ደግሜ አሰብኩ። "አላውቅም" አልኩ። "አስራ ስምንት ዓመት ሳስተምር ለማንም አስር ሰጥቼ አላውቅም።"

"ለምን?" አለች ባለመነጽሯ።

ሁሉም ዞረው ጋሽ ለምንን አዩ። ሽማግሌው አፋቸውን በወረቀታቸው ሸፍነው ሲስቁ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

ከንቲባው ተነስቶ ቆመ። "አወቅኩት!" አለ። "ከተማችን ቆሻሻ መጣያ አልነበራትም። ብትኖራት ኖሮ ቲቸር የሚጣለውንና የማይጣለውን ትለይ ነበር። ሁለቱ የጎደለው እሱ ነው።" ክፍሉ በሙሉ ተስማማ። አዲስ ከተማ ሊሠሩ ነው፤ ከሁሉ በፊት ቆሻሻ መጣያው ይቆማል፣ ኃላፊዋም እኔ ነኝ። ድምፅ ሰጥተው ነው የወሰኑት። ተቃዋሚ አልነበረም።

ዓርብ፣ አስራ ሁለተኛ ሳምንት

ወላጆች ፊት በራሴ አፍ ተናገርኩ። ጠበቃዋ "ስድስት ሳምንት?" አሉ። "አዎ፣ ስድስት ሳምንት" አልኩ። ልጄን ከዚህ ክፍል አወጣለሁ አሉ፤ ልጅቷ ክንዳቸውን ይዛ "እማ፣ ቆሻሻ መጣያው ገና አላለቀም፣ የትም አልሄድም" አለች። ተቀመጡ። ስለ እማማ የተጻፈውን ደብዳቤ ከጋሽ ለምን እጅ ተቀብለው ራሳቸው ቀደዱት።

እማማ በሩ ጋ ነበሩ። ሄጄ እጃቸውን ያዝኩ። "ይቅር ይበሉኝ" ስላቸው "ተይ፣ ጨርቁን አብረን ስናሰጣ እኮ ነው ይቅርታውን የጨረስነው" አሉኝ።

ማክሰኞ፣ አስራ ሦስተኛ ሳምንት

ጋሽ ለምን አስጠሩኝ። ገባሁ። ጠረጴዛቸው ላይ የግምገማ ወረቀቴ አለ።

"ለምን ዋሸሽ?" አሉ።

"ስለፈራሁ።"

"ማንን?"

ወረቀቱን አየሁ፣ ከዚያ እሳቸውን። ሰውዬውን ቀስ ብሎ ገባቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ ጠረጉት።

"እኔን" አሉ። "ልጆቹ ሲሳሳቱ እሰይ እላለሁ፣ አስተማሪዎቼ ግን በአስራ አራት ሳምንት ፈተና ተቀምጠዋል። ለምን?" ይሄን "ለምን" የጠየቁት ራሳቸውን ነው። ወረቀቱን ወደ እኔ ገፉት። ሦስት ፊደል ነው የተጻፈበት፦ "ትቆይ"።

ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ጋሼ "አመመሽ እንዴ?" አሉኝ። "የለም ጋሼ፣ ተሻለኝ" አልኳቸው።

እትዬ ስነግራት "እሰይ! የሱሪ ጫፍ ማጠፍ መቼም አትችይበትም ነበር" አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ማሽኑ አዙራ ብዙ ጊዜ አፍንጫዋን ጠረገች።

ዓርብ፣ አስራ አራተኛ ሳምንት

አዲሷ ከተማ የክፍሉን ሁለት ሦስተኛ ይዛለች። የሰዓት ግንቡ መሃል ላይ ቆሟል። የእማማን ሳሙና ጨርሰው አላወጡለትም፤ ሽታው ደስ ይላል ብለው ግማሹን ተዉት። እማማ ራሳቸው የከተማዋ ቁልፍ ያዥ ሆነው ተሾመዋል። ጠረጴዛዬ ጋ ለመድረስ አሁን ሁለት ሰው ነው የማስፈቅደው።

ቆሻሻ መጣያው ጥግ ላይ የጫማ ካርቶን ነው። በላዩ ከንቲባው ራሱ የጻፈው ማስታወቂያ አለ፦ "ሳትጠይቁ አትጣሉ"። ሥራዬን በአግባቡ እሠራለሁ። ወለል ላይ የወደቀች ቁራጭ ወረቀት ሳገኝ ከፍ አድርጌ "ይጣል?" ብዬ እጠይቃለሁ። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ "ኧረ ቲቸር! እሱ እኮ በር ነው!" የሚል ነው። ዛሬ ብቻ አንድ በር፣ ሁለት ደመናና አንድ አውቶቡስ አተረፍኩ።

ከሰዓት በኋላ ቆርኪዎቹ ቤታቸው ገቡ። የክብሪት ሣጥኗ አልጋ ከነብርድ ልብሷ መጣች። ተንበርክኬ ሳይ ዝምተኛዋ አጠገቤ ተንበረከከች። ከኪሷ የሆነ ነገር አውጥታ መዳፌ ላይ አስቀመጠችው። ያቺ ቀይ ቆርኪ ናት፦ የተኮሳተረችው፣ አናቷ ላይ የክር ኳስ ያላት።

እጄን ወደ ፀጉሬ ሰደድኩ። እንደ ሁልጊዜው ከላይ ጠቅልዬዋለሁ።

"ይሄ እኔ ነኝ?"

በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። "ያን ሰኞ ልንሰጥሽ ነበር" አለች።

ግንቡ ውስጥ ነበርኩ ማለት ነው። ከከተማዋ ጋር እኔንም ነው ወደ ገንዳው የተሸከምኩት፤ እማማ ናቸው ከነሳሙናቸው ያተረፉኝ። ቆርኪዋን አገላበጥኳት። አፏ ላይ አዲስ ቀለም አለ፤ ወደ ታች የተጣመመው መስመር ተፍቆ ቀጥ ብሏል። ሙሉ በሙሉ ፈገግ አላለችም፤ ልጆቹ እውነት ነው የሚወዱት።

"የት ላስቀምጣት?" አልኳት።

ዝምተኛዋ ከተማዋን ዙሪያዋን አየች። አሰበችበት፣ አልቸኮለችም። ከዚያ በጎርናናው ድምጿ፣ ክፍሉ ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ፣ "ቆሻሻ መጣያው በር ላይ" አለች።

ሳቁ ጓሮ ድረስ ተሰማ፤ ጋሼ ምን ሆናችሁ ብለው መጡ። ቆርኪዬን ይዤ በጉልበቴ እየዳህኩ፣ ሁለቱን ሰዎች አስፈቅጄ፣ በድልድዩ በኩል ዞሬ ሄድኩና መጣያዬ በር ላይ አቆምኳት።

የግል ደብተሬን አውጥቼ ስምንቷን ሰረዝኳት። አስር ልጽፍ ነበር። ከንቲባው በትከሻዬ አጎንብሶ አየና "ተይው ቲቸር፣ ገና አልጨረስንም" አለኝ።